ኳሱ የሚያድረው ማን ጋ ነው?

ለድሬ ወጣቶች፤

በየሰፈራችሁ ካለው ትምህርት ቤት ጋር ተጣምራችሁ ልጆቹ እንዲሯሯጡና ደህና እንዲበሉ ለማድረግ መነሳታችሁ እሰየው ነው። ቲሸርትና ባነር ከማሳተማችሁ በፊት ግን ይህን መልሱ፦ ኳሱ የሚያድረው ማን ጋ ነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁንና እንዲህ ያለው ሥራ ከገንዘብ እጦት ይልቅ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ማክሰኞ ባለመምጣቱ ይሞታል።

ስምምነታችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ርዕሰ መምህሩ ሜዳውንና ሰዓቱን ይስጥ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውሃውን ይቻል፤ የሰፈሩ ኳስ ቡድን በሳምንት ሦስት ጠዋት ሁለት ሁለት ልጅ ይላክ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በወር አንዴ በር ላይ የሚሸጠውን ምግብ ትይ። የባጃጅ ነጂዎችም በመግቢያና በመውጫ ሰዓት የበሩን መንገድ ክፍት ያድርጉ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ የተተኪ ስምና ስልክ ይጻፍ። «ሁላችንም እንተጋገዛለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ሰርዙት፤ ማንም አልተመደበም ማለት ነው። ስብሰባውንም ከምሳ በኋላ አትጥሩ። ድሬ ከሰባት ሰዓት በኋላ የጫት እንደሆነች ለእናንተ አይነገርም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ልብን ጠንከር አድርጎ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር። አሁን የስፖርት ክፍለ ጊዜውን አስሉት። ከ40 ደቂቃው ወደ ሜዳ መውጫና ስም መጥሪያ 10 ደቂቃ ይበላል። 60 ተማሪ በሁለት ሰልፍ ቆሞ አንድ በአንድ ኳስ ቢመታና የአንዱ ተራ 20 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ሰልፉ አንዴ የሚዞረው በ10 ደቂቃ ነው። በቀሪው 30 ደቂቃ አንድ ልጅ ሦስት ጊዜ ይደርሰዋል፤ በድምሩ አንድ ደቂቃ! የቀረው ፀሐይ ላይ መቆም ነው። «ስፖርት አልወድም» የሚሉትን ልጆች ብዙዎቹን ያፈራው ይህ ሰልፍ ይመስለኛል።

መፍትሔው ሜዳውን አምስት ቦታ መክፈል ነው። በየቦታው 12 ልጆች ሆነው 5 ደቂቃ ይጫወታሉ፣ በፊሽካ በአንድ ደቂቃ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ 29 ደቂቃ ላይ ሁሉም አምስቱንም ይጨርሳሉ። ጨዋታዎቹን ልጆቹ ያውቋቸዋል፦ ገመድ ዝላይ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ አባሮሽ፣ የጨርቅ ኳስ ቅብብል። ለአንድ ልጅ የሚሆን ገመድ 2.5 ሜትር አካባቢ ነው፤ መሐሉን ረግጦ ጫፎቹን ሽቅብ ሲስባቸው ብብቱ ጋ ከደረሱ ልኩ ነው። ሁለት ልጆች አዙረውት አራት የሚዘሉበት ከ5 እስከ 6 ሜትር ይፈልጋል። ሲባጎ አትግዙ፤ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል፣ አይዞርም። ትንሿን ጣት የሚያህል ናይለን ግዙ። ጫፉን በእሳት ካላቀለጣችሁት በሳምንቱ ይፈታል።

አባሮሽን በ10 በ10 ሜትር አጥሩት፤ «የተነካ ይውጣ» የሚለውን ደንብ ግን ሻሩት። መጀመሪያ የሚወጣው ዘገምተኛው ልጅ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ መሮጥ የሚያስፈልገው እሱ ዳር ቁጭ ብሎ ይመለከታል። የተነካው አባራሪ ይሁን። ሜዳው አንድ ከሆነ ደግሞ ወንዶቹ ይወርሱታል። ለሴቶቹ የራሳቸው ቀን በጽሑፍ ይያዝላቸው፤ ቱታ ካልለበሳችሁ አትጫወቱም አይባሉ። በረጅም ቀሚስ ሥር ሱሪ ለብሳ ሱዚ የምትጫወት ልጅ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ትዘላለች።

ሙቀቱን አትናቁት። የጠዋት ፈረቃ ከሦስት ሰዓት በፊት ይጨርስ፤ የከሰዓቱ ከአሥር ሰዓት ተኩል በፊት ባይጀምር ይሻላል፤ ካልሆነም በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቀለል ያለ ጨዋታ ይበቃል። ለአንድ ልጅ በየ20 ደቂቃው 200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ብታስቡ፣ 60 ልጆች በአንድ ዙር 12 ሊትር ይጠጣሉ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቧንቧ አስገጥማችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡ፣ ኩባያ ከየቤቱ ይምጣ። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም የሚንገዳገድ ልጅ ወደ ጥላ ይወሰድ፣ አንገቱና ብብቱ በውሃ ይረስርስ፣ ይራገብለት። ከዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትሰጡት፣ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ቁርስ ያልበላ ልጅም በገመድ ዝላይ ይወድቃል፤ ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ጨዋታው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። በረመዳን የሚጾሙት ዳኛና ቆጣሪ ይሁኑ።

የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለኳስ እንደሚመች ማንም የድሬ ልጅ ያውቃል። በዝናብ ወራት ግን መርሐ ግብር አትያዙበት። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። በላያችን ሰማዩ ጠርቶ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ከዘነበ ውሃው ይደርሳል።

አሁን ወደ በሩ። ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና ጀላቲ የሚሸጡትን እናቶች በደንብ አስከባሪ አታስባርሩ፤ 50 ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ፣ ልጆቹም አስፋልት ተሻግረው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ያላቸው ላይ ጨምሩ፣ መቀነሱ ኋላ ይመጣል። ሽምብራ ጥሩ መነሻ ነው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ የሚቀቀል አንድ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ ከሁለት ኪሎ በላይ ይሆናል፤ በሻይ ብርጭቆ ወደ 20 ልጅ ያዳርሳል። ሎሚ ይጨመቅበት፣ ሚጥሚጣም ይነስነስበት፤ ያለ እሱ ማን ይበላል? ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ በሽምብራው ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል። ሻይ ግን ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆይ። የተቀቀለው በዚህ ሙቀት ስለማያድር የተረፈው ይጣል፤ ለማደሩ ቆሎው ይሻላል። በጾም ወራት እንቁላል ሲቀር ይኸው ሽምብራ ቦታውን ይሸፍናል።

ሙዝና ብርቱካን ያልተላጡ ይሸጡ፤ የተቆረጠ ፓፓያ ለዝንብ ነው። ሻጯ የምትፈራው ግን ሙዙ ሁለት ቀን አድሮ እንዳይጠቁርባት ነው፤ ትክክል ናት። ከቀፊራ ገበያ ሁለት ኪሎ ብቻ ገዝታ ትጀምር፤ ዓርብ የተረፈውን መምህራኑ እንደሚገዟት በዚያ በአንዱ ገጽ ላይ ይጻፍ። ይህች መስመር ከአሥር ስብከት ትበልጣለች። ኦቾሎኒ ከሆነ የሻገተው፣ የተጨማደደውና ቀለሙ የተለወጠው ተለቅሞ ይጣል። ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፤ መቁላትም ጨርሶ አያጠፋውም። የጠቆረና የሚሸት የመጥበሻ ዘይት ካያችሁ ለሻጯ ለብቻዋ ንገሯት እንጂ በልጆቹ ፊት አይሁን።

ስለ ለስላሳ በሚኒ ሚዲያ ከመለፈፍ የጤና ክበቡ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብርጭቆ ውስጥ ቆጥሮ ያሳይ፤ በ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ ያለው ያህል ነው። ልጆቹን ግን በሰው ፊት አትመዝኑ፣ «ወፍራም» «ቀጭን» የሚል ቃልም ከሜዳው ይውጣ። አንድ ክፍል ውስጥ ቁርስ ያላገኘና ለስላሳ የማይለየው ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም የሚያፍሩበት ቦታ አይመለሱም።

በየሳምንቱ ሁለት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ስንት ልጅ ተጫወተ፣ ስንት ሙዝ ተረፈ። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ደግሞ ገመዱንና ኳሱን ቆጥራችሁ፣ አስፈርማችሁ ክረምቱን ለሚያስቀምጠው ሰው አስረክቡ። ሜዳ ላይ የቀረ ናይለን በፀሐይ ደርቆ መስከረም ላይ ይበጠሳል።