የአንባቢያን ጥያቄ፦ እንግሊዝ ህንድን አለማች ወይስ አስከፈለች?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ህንድና ስለ እንግሊዝ ናቸው። ሳይነጋገሩ አንድ ላይ የመጡ ነው የሚመስሉት። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ የእኛን ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።

ጥያቄ፦ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት ነው የምሠራው። ምሳ በልተን ቡና ስንጠጣ ሁሌ የሚነሳ ክርክር አለ። ጓደኞቼ “እኛም እንደ ህንድ በእንግሊዝ ብንገዛ ኖሮ ዛሬ ባቡሩም፣ እንግሊዝኛውም፣ ትምህርቱም ይኖረን ነበር” ይላሉ። ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ግን መልስ ያጥረኛል። እውነት እንግሊዝ ህንድን አልምታ ነው የሄደችው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ክርክር እናንተ ቡና ላይ ብቻ ያለ እንዳይመስልህ። ታክሲ ውስጥም፣ ስድስት ኪሎ ግቢ በር ላይም እሰማዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ነገሩን የጀመረው መንግሥት አይደለም፤ ነጋዴ ነው። በ1600 የተቋቋመው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የለንደን ባለአክሲዮኖች ድርጅት ነበር። በ1757 ፕላሲ ላይ የቤንጋልን ገዢ አሸነፈ። ከጦርነቱ ይልቅ ክህደቱ ነው የሠራው፤ የገዢው የጦር አለቃ ሚር ጃፋር ቀድሞውኑ ከእንግሊዞቹ ጋር ጨርሶ ነበር። በ1765 ደግሞ ኩባንያው የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ መብት በእጁ አስገባ። እስቲ አስበው፣ ለባለአክሲዮን ትርፍ የሚያከፋፍል ድርጅት የአገር ግብር ሰብሳቢ ሲሆን ምን እንደሚመጣ። በ1770 ቤንጋል ውስጥ ረሃብ ገባ፤ ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ይገመታል። ግብሩ ግን አልቆመም።

አሁን ወደ ባቡሩ። የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር በ1853 ከቦምቤይ ታኔ ድረስ 34 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ አገሩን አዳረሰው፤ ይሄ አይካድም። ጥያቄው ማን ከፈለ ነው። የእንግሊዝ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን ባቡሩ ላይ ሲያወጡ ቢያተርፍም ባያተርፍም በዓመት 5 በመቶ እንደሚያገኙ ዋስትና ተሰጣቸው፤ ዋስትናው የሚከፈለው ደግሞ ከህንድ ገበሬ ግብር ነው። ትርፉ ለንደን ይገባል፣ ጉድለቱን ህንድ ይሸፍናል። ሐዲዱና ሎኮሞቲቩም በአብዛኛው ከእንግሊዝ ፋብሪካ ነው የተገዛው። መስመሩም ጥጥና እህል ወደ ወደብ፣ ወታደር ደግሞ ዐመፅ ወደተነሳበት ቦታ ለማድረስ የሚመች ነበር። ከ1876 እስከ 1878 በደቡብና በምዕራብ ህንድ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሲያልቅ ስንዴ ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም። የእንግሊዝ እንደራሴ ሎርድ ሊተን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በዚያው መሃል፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1877፣ ንግሥት ቪክቶሪያ የህንድ ንግሥተ ነገሥት መባሏን ለማወጅ ዴልሂ ላይ ትልቅ ድግስ ደገሰ። ባቡር ነበረ እኮ። ለማን እንደሚጫን የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር እንጂ።

ሂሳቡ በዚህ አያበቃም። በ1857 የህንድ ወታደሮች ዐመፁ። መነሻው ብዙ ነው፤ ክብሪቱን የጫረው ግን አዲሱ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ የተጠቀለለበትን ወረቀት በጥርስ ቀድደው ነው የሚያጎርሱት፤ ወረቀቱ ደግሞ የላምና የአሳማ ስብ ተቀብቷል የሚል ወሬ ተነዛ። ሂንዱውም ሙስሊሙም እኩል ተነካ። ዐመፁ በደም ተጨፈለቀና በ1858 ኩባንያው ቀርቶ የእንግሊዝ ዘውድ ራሱ ገዢ ሆነ። ዐመፁ የተጨፈለቀበት ወጪስ? በህንድ ስም ዕዳ ተጻፈ። የኩባንያው ባለአክሲዮኖችም እስከ 1874 ድረስ በዓመት 10.5 በመቶ ከህንድ ግብር ይቆረጥላቸው ነበር። ለንደን ተቀምጦ ህንድን የሚያስተዳድረው ሚኒስትር ደመወዙ ሳይቀር የሚከፈለው ከህንድ ነበር።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ደግሞ ልንገርህ። በ1867 እንግሊዝ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ለመዝመት ስትነሳ ጦሩን ያሰናዳችው ቦምቤይ ላይ ነው። ወደ 13 ሺህ ወታደርና መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ቀይ ባሕር ዳር፣ ዙላ ላይ አራገፈች። የህንድ ወታደሮቹን መደበኛ ደመወዝ ግን ህንድ እንድትችል ተደረገ። ያኔ ለንደን ይኖር የነበረ ዳዳብሃይ ናኦሮጂ የሚባል የቦምቤይ ሰው፣ ሙያው የሒሳብ መምህር፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ስለ አቢሲኒያ ዘመቻ ወጪ ጽሑፍ አቅርቦ ሞገተ። ጠቡ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ነው፣ የህንድ ገበሬ ምን ቤት ነው የሚከፍለው? ሰሚ አላገኘም። ሰውዬው ግን አልተወም። ከህንድ በየዓመቱ ምን ያህል ሀብት እየተቀዳ እንደሚወጣ በቁጥር ሲያሳይ ኖረ። በ1892 ለእንግሊዝ ፓርላማ ተመርጦ እዚያው ምክር ቤታቸው ገብቶ ተከራከራቸው። የህንድ ብሔርተኝነት ሲነሳ ሁሉም ጋንዲን ያስባል፤ ለእኔ ግን መሠረቱን የጣለው የዚህ ሰው ደብተር ነው። ሰው መበደሉን በስሜት ብቻ ሳይሆን በቁጥር ሲያውቅ ዝም ማሰኘት ይከብዳል።

እንግሊዝኛውንና ትምህርቱን በተመለከተ፣ ማኮሌይ የተባለው ሹም በ1835 ዓላማውን ሳይደብቅ ጽፎታል፦ በደሙና በመልኩ ህንዳዊ፣ በአመለካከቱ እንግሊዛዊ የሆነ ጥቂት አስተርጓሚ ሰው ማፍራት። ለሰፊው ሕዝብ አልታሰበም። በ1941 ቆጠራ፣ ከመቶ ሰማንያ ዓመት ያህል አገዛዝ በኋላ ማለት ነው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ 12 በመቶ ገደማ ነበር።

ለጓደኞችህ ደግሞ ለገሃርን አሳያቸው። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917። ኩባንያው የፈረንሳይ ነበርና ጣጣ አላጣውም፤ ቢሆንም ባቡሩ የመጣው ቅኝ ስለተገዛን አይደለም። የምኒልክ ትምህርት ቤትም በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት የፈቀደልን ገዢ አልነበረም። ኋላ ለቀረነው ሌላ ምክንያት እንፈልግለት፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ራሳችንም አለንበት። “ባለመገዛታችን ነው” የሚለው ግን ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ የስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ህንድን ነፃ ያወጣት ጋንዲ በጾምና በሰላማዊ ትግል ብቻ ነው ይባላል። በሰላማዊ ሰልፍ አንድ ግዛተ ዐፄ ይወድቃል ብሎ ማመን ከበደኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ጋንዲ ብቻውን አይደለም። ግን “በሰላማዊ ሰልፍ” ያልሽውን እንዳትንቂው። ጨውን ብቻ እንይ።

እንግሊዝ ጨውን በሞኖፖል ይዛ ነበር። የባሕር ዳርቻ ሰው ደጁ ላይ የደረቀውን ጨው ቢያፍስ ወንጀለኛ ነው፤ ገዝቶ፣ ግብር ከፍሎበት ነው የሚበላው። ጋንዲ በ1930 ትግሉን በጨው እጀምራለሁ ሲል የራሱ ፓርቲ የኮንግረስ ሰዎች ራሳቸው ግር አላቸው። ነፃነት እየጠየቅን ጨው ምን አመጣው አሉ። እኛ አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ሲዞርበት የኖረ አገር ልጆች ስለሆንን ግን ወዲያው የሚገባን ይመስለኛል። ጨው የማይበላ ቤት የለም። ደሃውም ሀብታሙም፣ ሂንዱውም ሙስሊሙም እኩል ይገዛዋል።

የ60 ዓመቱ ሰው ማርች 12 ቀን ከሳባርማቲ 78 ሰዎች አስከትሎ በእግሩ ተነሳ። 24 ቀን ሄደ፣ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየመንደሩ ሕዝብ እየተቀበለ ይሸኘዋል፣ ጋዜጠኛው ይከተለዋል፣ መንግሥት ደግሞ ይሰረው ወይስ ይተወው ግራ ገብቶታል። ኤፕሪል 6 ዳንዲ የባሕር ዳር ላይ ጎንበስ ብሎ ጨው የተቀላቀለበት ጭቃ አነሳ። ይኸው ነው ወንጀሉ። ከዚያ አገሩ ሁሉ ጨው ማፍላት ጀመረ፤ በዚያ ዓመት የታሰረው ከ60 ሺህ ይበልጣል። በሜይ ወር ጋንዲ ታስሮ ስለነበር ዳራሳና የጨው ማምረቻ ላይ ሰልፉን የመራችው ገጣሚዋ ሳሮጂኒ ናይዱ ናት። ሰልፈኛው በረድፍ እየቀረበ ጫፉ ብረት በለበሰ ዱላ ተመታ። እጁን ለመከላከል እንኳ ያነሳ አልነበረም። የመጀመሪያው ረድፍ ሲወድቅ ሁለተኛው ይተካል። ዌብ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ያየውን ጻፈ፣ ዓለም አነበበው። ግዛተ ዐፄው በዚያ ቀን አልወደቀም፤ “ለእነሱ ብለን ነው የምንገዛቸው” የሚለው ወሬ ግን ከዚያ በኋላ ማንንም አላሳመነም።

ከጋንዲ ውጪም ብዙ አለ። በ1885 ኮንግረስን ቦምቤይ ላይ የመሠረቱት 72 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጠበቆችና ጋዜጠኞች፣ መጀመሪያ ነፃነት እንኳ አልጠየቁም። ያከረራቸው በ1905 እንደራሴው ሎርድ ከርዘን ቤንጋልን ለሁለት መክፈሉ ነው፤ ሕዝቡ የእንግሊዝን ጨርቅ እያቃጠለ የአገሩን ሸማ መልበስ ጀመረ። ኤፕሪል 13 ቀን 1919 ደግሞ አምሪትሳር ላይ ጄኔራል ዳየር በግንብ በታጠረ ሜዳ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ 1650 ጥይት አስተኮሰ። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ያመነው 379 ሟች ነው፣ ህንዶች ከዚያ እጅግ ይበልጣል ይላሉ። ባለቅኔው ታጎር የእንግሊዝ ማዕረጉን መለሰ። በመሣሪያ ይታገል የነበረው ወጣት ባገት ሲንግ በ23 ዓመቱ ተሰቀለ። ሱባስ ቻንድራ ቦስ የጦር ምርኮኞችን አሰባስቦ ጠመንጃ አነሳ። በፌብሩዋሪ 1946 ደግሞ የቦምቤይ መርከበኞች በምግባቸው መበላሸት ተነስተው ዐመፁ፤ ዐመፁ በቀናት ውስጥ 78 መርከብና 20 ሺህ መርከበኛ ደረሰ። ህንድን የሚጠብቅላት የህንድ ወታደር መሆኑን ለምታውቀው እንግሊዝ ያ የመጨረሻው ደወል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣችውም ገንዘቧ አልቆ፣ የህንድ ባለዕዳ ሆና ነው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። መቅደላ የዘመቱብን ህንዶች ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት የመጡትም ህንዶች። ኋላ ሒሳብ ያስተማረኝም ህንዳዊ ነው። ይሄ ሕዝብ ወዳጃችን ነው ወይስ ባላጋራችን ነበር?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። መቅደላ የመጣው ወታደር ደመወዝተኛ ነው፤ የት እንደሚዘምት የሚወስነው ሌላ ነው። በ1941ም እንደዚያው ነው። እንግሊዝ በ1939 ህንድን ወደ ጦርነቱ ስታስገባ መሪዎቿን አላማከረችም፤ ኮንግረስ በዚህ ተቆጥቶ ከክፍለ ሀገር መስተዳድሮች ወጣ። ወታደሩ ግን ከረን ላይ በ4ኛውና በ5ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ሆኖ ተራራውን ሽቅብ እየወጣ ተዋጋ፤ አምባላጌም ደረሰ። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት መኮንን መተማ በኩል ለቀናት መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ሲያመክን ቆይቶ የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸልሟል። ሰፈርዎ ያለውን የድል ሐውልት ሲያልፉ እነሱንም ያስቧቸው።

ህንዶች ራሳቸው የመረጡትን ለማወቅ ግን 1936ን ይመልከቱ። የኮንግረሱ መሪ ኔህሩ ባለቤቱ ስዊዘርላንድ ላይ ሞታበት በሮም በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ ሙሶሊኒ ሊያገኘው ፈለገ። ልመና ቢበዛበትም እምቢ አለ፤ ጦሩ ኢትዮጵያን እየወጋ ነበርና። በሜይ ወር ደግሞ ኮንግረስ በህንድ ከተሞች የአቢሲኒያ ቀን ብሎ ሰልፍ ጠራ። ራሳቸው በባዕድ አገዛዝ ሥር ሆነው ነው ለእኛ የጮኹት። መንግሥታት ጆሯቸውን በደፈኑበት በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ድምፅ ብርቅ ነበር፤ እኔ ከወዳጅ ነው የምቆጥራቸው። መምህርዎም የመጡት አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በራሳቸው ፈቃድ ነው።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ፣ አጭር ናት። ፓኪስታንን የፈጠረው የእንግሊዝ ተንኮል ነው?

መልስ፦ ተንኮሉም አለበት፤ ከ1909 ጀምሮ ሙስሊሙና ሌላው ለየብቻ እንዲመርጥ ያደረገችው እንግሊዝ ናት። ግን በ1906 የተመሠረተው የህንድ ሙስሊሞች ፓርቲ፣ ሙስሊም ሊግ፣ የራሱ ስጋት ነበረው፣ ኮንግረስም ስጋቱን በወጉ አልሰማም። ይቅር የማይባለው ጥድፊያው ነው። የህንድንና የፓኪስታንን ድንበር እንዲያሰምር የተላከው ጠበቃ ሲሪል ራድክሊፍ ህንድን ከዚያ በፊት ረግጧት አያውቅም፤ የተሰጠው አምስት ሳምንት ነው። ውሳኔው የታወጀው ኦገስት 17 ቀን 1947፣ ነፃነቱ ከተከበረ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፣ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሰው ተገደለ።