ዓርብ ጠዋት ስሙ የማይጠራ ልጅ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ። የዚህ እትም ጥያቄዎች ስለ ክርስቲያን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳምንት ናቸው፤ ስለ ዓርብ ሰርተፍኬት፣ ስለ ንባብ ደብተር፣ ስለ ክፍል ተራ አምልኮ፣ ስለ ጥቅስ ጥናትና ወደ ቤት ስለሚላከው ደብዳቤ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። በየዓርቡ ከጠዋት ጸሎት በኋላ ከየክፍሉ ሁለት ልጆች እየተጠሩ «የሳምንቱ ተማሪ» የሚል ሰርተፍኬት ይወስዳሉ። ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ የእሷ ስም አንድም ቀን አልተጠራም። አትረብሽም፣ የቤት ሥራ አታጓድልም። መምህሯን ስጠይቅ «ተራዋ ይደርሳል» አሉኝ። ተራ ከሆነማ ሽልማቱ ምኑ ላይ ነው?
የተማሪ እናት

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ክፍሉ 30 ልጆች ቢኖሩት፣ በሳምንት 2 ሰርተፍኬት ቢሰጥና ዓመቱ 36 የትምህርት ሳምንት ቢሆን፣ 72 ሰርተፍኬት ይወጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ደርሶ 12 ይተርፋል። ስለዚህ ልጅዎ የቀረችው ሰርተፍኬት አንሶ አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ስሙ የሚመረጥበት ሰዓት ነው። መምህሩ ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ጠዋት ሰልፉ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው «ማንን ልጥራ?» ብሎ ካሰበ፣ ቶሎ የሚታወሱት ሁለት ዓይነት ልጆች ናቸው፦ ፈተና የደፈነውና ሳምንቱን ሙሉ አስቸግሮ አንድ ቀን ዝም ያለው። መሐል ላይ ተቀምጣ ሥራዋን የምትሠራ ልጅ ትዝ አትልም። ክፋት የለበትም፤ ማስታወሻ ያልያዘ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

መድኃኒቱ አንድ ወረቀት ነው። የክፍሉን ስም ዝርዝር በስም መጥሪያው የኋላ ሽፋን ላይ መለጠፍ፣ በየቀኑ ልጆቹ ከወጡ በኋላ በሁለት ልጆች ስም ትይዩ አንዳንድ መስመር መጻፍ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በሳምንት 10 ልጅ፣ በሦስት ሳምንት 30ው ይዳረሳል። ሦስት ሳምንት አልፎ ትይዩው ባዶ የሆነ ስም ካለ፣ መምህሩ ሰኞ ዕለት ከዚያ ልጅ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጥ። ተራ መኖር ያለበት በማየቱ ላይ ነው፤ መስጠቱን ተራ ካደረጉት እርስዎ እንዳሉት ትርጉሙ ይጠፋል፣ ልጆቹም ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ቆጥረው ይደርሱበታል።

ሰርተፍኬቱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ከሚሰጠው ሰው ምርጫ ያላነሰ ነገር ነው። «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ስለሆነች» የሚለው ለማንም ይሆናል፤ ስም ቀይሮ ለሌላ መስጠት ይቻላል። ይህንን ግን ለማንም መስጠት አይቻልም፦ «ማክሰኞ ዕለት 2/3 እና 1/4ን ስትደምር መጀመሪያ ላይ ከላይ፣ ታች ከታች ደምራ 3/7 አገኘች። መልሱ ከ2/3 ማነሱን ራሷ አይታ ሰረዘችው፣ ታህቱን ወደ 12 ቀይራ 11/12 ላይ ደረሰች።» ይህ አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ ለሌሎቹም ትምህርት ነው፤ መልስን መጠራጠርና መሰረዝ እንደሚያስከብር ይሰማሉ።

አንዳንድ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ማቴዎስ 20ን፣ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡት ሠራተኞች እኩል ዲናር የተቀበሉበትን ምሳሌ ጠቅሰው ሽልማት ጭራሽ ይቅር ይላሉ። ምሳሌው ስለ ጸጋ ነው፤ የሰውን ሥራ ስሙን ጠርቶ መናገርን አይከለክልም። ለዓርብ ሰልፍ የሚቀርበው ሮሜ 16 ይመስለናል። ጳውሎስ እዚያ ሰዎችን በስም ሲጠራ ለብዙዎቹ ምን እንዳደረጉ አብሮ ይናገራል፦ ጵርስቅላና አቂላ ስለ እሱ ነፍሳቸውን ለሞት አቀረቡ፣ ማርያም ብዙ ደከመች። ቁጥር 22 ላይ ደግሞ ደብዳቤውን በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ብቅ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። የክፍሉ ጤርጥዮስ ማን እንደሆነ መፈለግ የመምህር ሥራ ነው።

እርስዎ ምን ይበሉ? «ለምን አልተሸለመችም» ብለው አይጀምሩ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስትሠራ ምን አዩባት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ቀንና ሥራ ያለው ከሆነ ልጅዎ ታይታለች፣ ወረቀቱ ይደርሳል። «ጎበዝ ናት» ብቻ ከሆነ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው እንደሚመጡ በትሕትና ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የ2ኛ ክፍል ልጄ ለሚያነበው መጽሐፍ ሁሉ ስቲከር ይሰጠዋል፤ 25 የሞላለት ዓርብ ይሸለማል። አሁን ስስ ስስ መጽሐፍ ብቻ እየመረጠ ገጽ እየዘለለ «ጨረስኩ» ይላል። እኔም ፈርምልኝ እያለኝ እፈርማለሁ።
አባት

መልስ፦ ልጅዎ ደንቡን በትክክል ገብቶታል። መጽሐፍ ቢቆጠርለት ስስ ይመርጣል፤ ደቂቃ ቢቆጠርለት ሰዓቱን ያያል፤ ገጽ ቢቆጠርለት ሥዕል የበዛበትን ይፈልጋል።

በዚህ ላይ የታወቀ ጥናት አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት የተባሉ ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ልጆችን በሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን «ከሳላችሁ ባለ ወርቅ ኮከብ ሰርተፍኬት ታገኛላችሁ» ተባለ፤ ሁለተኛው ሳይነገረው ከሳለ በኋላ በድንገት ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ቆይተው ልጆቹ በነፃ ሲጫወቱ ሲታዩ፣ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ለመሳል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። በድንገት የተሰጣቸው ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ዋጋው አስቀድሞ የተነገረ ነገር ሥራ ይሆናል። ለዚህም ነው ከላይ ላለችው እናት የነገርናት ሰርተፍኬት ያየነውን መጻፍ እንጂ የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ መሆን የሌለበት።

ትምህርት ቤቱ ስቲከሩን እስኪተው ድረስ በቤትዎ የሚቻለው የፊርማውን ቦታ መለወጥ ነው። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብረውት ይቀመጡ፤ ጮክ ብሎ ያንብብ። ደብተሩ ላይ «ደህና አነበበ» ከመጻፍ አንድ የታየ ነገር ይጻፉ፦ «ከገጽ 4 እስከ 9። ‹ተንጠራራ› ላይ ቆመ፣ ፊደል በፊደል ለይቶ አነበበው፣ ትርጉሙን ተነሥቶ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ።» መምህሩ ከዚህ ሰኞ የሚያስተምረውን ያገኛል። መጽሐፉ ከበደው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ገጽ ያስነብቡትና ባላወቀው ቃል ቁጥር ጣት ያጥፉ፤ አምስቱ ጣት ከታጠፈ ለብቻው የሚያነበው አይደለም፣ እርስዎ ያንብቡለት። ያነበበውን መድገም ከፈለገም ይድገም፤ ቅልጥፍና የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ንባብ ነው።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል መምህር ነኝ፤ 28 ልጆች አሉኝ። በመጪው ዓርብ ጠዋት አምልኮውን የሚመራው ክፍሌ ነው። የተሰጠን 15 ደቂቃ ነው። ባለፈው ተራችን 25 ፈጀ፣ ከኋላ የተቀመጡትም ምንም አልሰሙም። ደጉን ሳምራዊ ልናቀርብ አስበናል።
መምህር

መልስ፦ ታሪኩ ጥሩ ምርጫ ነው። ሉቃስ 10፥25-37 በሙሉ 13 ቁጥር ነው፤ ምሳሌው ራሱ ግን ከ30 እስከ 35፣ 6 ቁጥር ብቻ ነው። ስድስት አንባቢ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ይስጡ። ተዋንያኑ መንገደኛው፣ 3 ወንበዴዎች፣ ካህኑ፣ ሌዋዊው፣ ሳምራዊው፣ የማደሪያው ባለቤትና ጠያቂው ሕግ አዋቂ፦ 9። እስካሁን 15 ልጅ ተያዘ። ከቀሩት 13 አራቱ አጭር አጭር ጸሎት ይጻፉና ያንብቡ፣ አራቱ በሳምንቱ የተሠራ ሥራ ይዘው ይቁሙ፣ አምስቱ ጭናቸውን በእጃቸው እየመቱ የመንገዱን ኮቴ ያሰሙ። የኢየሱስን ቃል ከመጫወት ማንበብ ይሻላል፤ አንድ ልጅ «ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ» የሚለውን ለብቻው ቆሞ ቢያነብ ይበቃል።

አህያ አይኑር። አህያ የሚሆን ልጅ ከመጣ አዳራሹ ስለ አህያው እንጂ ስለ ሳምራዊው አያወራም። ወንበዴዎቹም እንዲሁ ናቸው፦ ልቅ ከተለቀቁ ድብደባው ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፣ አንድ ልጅም ያለቅሳል። ሦስቱ እጃቸውን አንሥተው እንደ ፎቶግራፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ አንባቢው ቁጥር 30ን ሲጨርስ ዞር ብለው ይሂዱ። ጊዜ የሚወስደውን ለሳምራዊው ይተዉለት፤ ቁስሉን ሲያስር፣ ዘይትና ወይን ሲያፈስ፣ ሁለቱን ዲናር ቆጥሮ ሲሰጥ ዝም ብሎ ይታይ።

ጊዜው እንዲህ ይከፈል፦ መግቢያ መዝሙር 2 ደቂቃ፣ ንባብና ትዕይንት 6፣ የሳምንቱ ሥራ 3፣ ጸሎት 2፣ መዝሙር 2። ባለፈው ጊዜ ያረዘመባችሁ ምናልባት ክፍል ውስጥ መለማመዳችሁ ነው። ልጅ አዳራሽ ውስጥ ሲያነብ ድምፁን ሊያሰማ ስለሚዘገይ ክፍል ውስጥ የተለካው ሰዓት አይሠራም። ሌላው ማይኩ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በእያንዳንዱ ልጅ 5 ሰከንድ ቢሄድ ለ15 ልጅ 75 ሰከንድ ነው፣ ከመንኳኳቱ ጋር። ማይኩ በማቆሚያ ላይ አንድ ቦታ ይቁም፣ ልጆቹ ይምጡበት፤ ቁመቱ በአጭሩ አንባቢ አገጭ ልክ ይሁን፣ ረጅሙ ጎንበስ ይላል።

ሰኞ ታሪኩን አንብቡና ተወያዩ፣ ድርሻ አታከፋፍሉ። ማክሰኞ ድርሻ ይሰጥ። ረቡዕ አዳራሽ ግቡ፤ እርስዎ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡና ያልሰሙትን ቁጥር ብቻ አስደግሙ። ተዋንያን እርስ በርስ ተያይተው ሲያወሩ ድምፁ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ሆዳቸውን ወደ ተመልካች፣ አንገታቸውን ወደ ጓደኛቸው ያድርጉ። ሐሙስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በሰዓት። ዓርብ ጠዋት መግቢያና መውጫውን ብቻ። በዚያ ጠዋት አንድ ልጅ ይቀራል ብላችሁ አስቡ፤ ለስድስቱ አንባቢዎች ሁሉ ተጠባባቂ ይኑር፣ ጽሑፉም በትልቅ ፊደል አንድ ቦታ ይቀመጥ።

ጸሎቱን በተመለከተ፣ ከሌላ እምነት የመጡ ልጆች አዳራሹ ውስጥ ካሉ መሪው ልጅ «አሁን እንጸልያለን፤ ጸሎቱን የራሳችሁ ማድረግ የምትፈልጉ መጨረሻ ላይ አሜን በሉ» ብሎ ይጀምር። አብሮ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ለሁሉም ይጠየቃል፤ አሜን ማለት ግን አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤቱ በሳምንቱ ልጆቹ የተገኙበት መቶኛ ከሁሉ የበለጠ ክፍል ዋንጫ ይወስዳል፤ ማርፈድም ይቆጠራል። ልጄ ትኩሳት ይዞት «ክፍላችን በእኔ ይሸነፋል» ብሎ አለቀሰ።

መልስ፦ ዋንጫው የሚለካው ነገር ተበላሽቷል። ጠዋትና ከሰዓት ስም ከተጠራ አንድ ልጅ በሳምንት 10 ጊዜ ይቆጠራል። በ20 ልጆች ክፍል አንድ ልጅ ሳምንቱን ቢታመም ክፍሉ 95 በመቶ ይሆናል፤ በ40 ልጆች ክፍል ግን ያው አንድ ልጅ ታሞ 97.5 በመቶ። ትንሹ ክፍል ምንም ሳያጠፋ ይሸነፋል። የታመመ ልጅ ከስሌቱ ይውጣ ብለው ጠይቁ። ትኩሳት ያለው ልጅ ቤት ይቆያል፤ ያስታወከ ወይም ተቅማጥ የያዘው ከቆመለት በኋላ 48 ሰዓት ይጠብቃል። ማርፈድ ሌላ ነው፦ በቀን 10 ደቂቃ፣ በ36 ሳምንት 30 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 5 ሰዓት ለሚማር ልጅ የ6 ቀን ትምህርት ማለት ነው። ግን የ1ኛ ክፍል ልጅ ራሱን አያመጣም፤ ደብዳቤው ለወላጅ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ልጃችን መዝሙር 23ን በቃሏ አጥንታ መጣች፤ አያቷ ደግሞ «እሱ 22 ነው» አሏት። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ሁለቱም። የዕብራይስጡና የግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም አቆጣጠር ይለያያል፤ በግሪኩ 9ኛውና 10ኛው አንድ ላይ ስለተቆጠሩ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው በአንድ ያንሳል። የግዕዙ ዳዊት ግሪኩን ይከተላል። ከ1 እስከ 8 እና ከ148 እስከ 150 ያሉት በሁለቱም አንድ ናቸው። ለትምህርት ቤቱ የምንመክረው በወረቀቱ ላይ «መዝሙር 23 (22)» ብሎ መጻፍ ነው።

ስለ ማጥናቱ ካነሣን፣ ስድስቱን ቁጥር በአንድ ሳምንት ከማስጨነቅ በሦስት ሳምንት ሁለት ሁለት ይሻላል። ጥቅሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ በተነበበ ቁጥር ሁለት ቃል እያጠፉ ማስነበብ ዛሬም ከሁሉ ይሠራል። ቁጥር 4 ላይ ግን ቆም ይበሉ፦ በትርና ምርኩዝ እንዴት አድርጎ ያጽናናል? በትሩ አውሬውን እንደሚያባርር፣ ምርኩዙ እንደሚደግፍ ያልገባት ልጅ የምትለው ዜማውን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት የሚላከውን ደብዳቤ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ማንም አያነበውም።

መልስ፦ አንድ ገጽ ይሁን፣ ወላጅ ማድረግ ያለበት ነገር ከላይ ይምጣ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ልጁ ይዞት የሚመጣው ዕቃ። ጥቅስና የርእሰ መምህሩ ሰላምታ ከዚያ በታች ይግባ። «ልጆቻችን ደስ የሚል ሳምንት አሳለፉ» የሚለውን ሰርዘው «2ኛ ክፍል በሁለት ሳምንት የበቀለ ባቄላ ለካ፤ ረጅሙ 14 ሴንቲ ሜትር ሆነ» ብለው ይጻፉ። የእግር ኳስ ቡድኑ 4 ለ 1 ከተሸነፈ 4 ለ 1 ይጻፍ፤ አንዷ ጎል እንዴት እንደገባችም ይጨመር። ፎቶ ሲያወጡ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያላቸውን ልጆች ዝርዝር አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ፎቶና ሙሉ ስም አንድ ላይ አይውጡ። ከመላክዎ በፊት ደግሞ ያለፉትን ስድስት ደብዳቤዎች ዘርግተው የልጆቹን ስም ይቁጠሩ። ሦስት ጊዜ የወጣ ስም ካለ በዚህ ሳምንት ይለፈው።