የጤና አምድ፦ ዳይቲሺያን (የአመጋገብ ባለሙያ) ለማየት ኢንሹራንሴ ይከፍልልኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። 43 ዓመቴ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ በስራዬ በኩል ኢንሹራንስ አለኝ፣ ከየቼኬ ይቆረጣል። በቅርቡ ቼክአፕ ሄጄ ዶክተሯ ኤዋንሲሽ (የሶስት ወር አማካይ የደም ስኳር ምርመራ) 6.1 ነው፣ ስኳር ጫፍ ላይ ነሽ፣ እንጀራና ዳቦ ቀንሺ፣ ክብደትም ቀንሺ አለችኝ፣ በዛው አለቀ። ኢንሹራንሱ ጋር ደውዬ ኑትሪሽን ትሸፍናላችሁ ስላቸው አንሸፍንም አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ኦንላይን ዳይት ፕላን የሚያወጣ ሰው አለ፣ 250 ዶላር ነው ትለኛለች። ልክፈል? ሁዳዴም እየደረሰ ነው፣ እንዴት እንደምጾም ጨንቆኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ 250 ዶላሩን ያዢው፣ ለማንም አትክፈዪ ገና። አንሸፍንም ያሉሽ ጥያቄው ሰፊ ሆኖባቸው ሊሆን ይችላል፣ ኑትሪሽን ሲባል ስልክ ያነሳው ሰው የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ወይ ቫይታሚን ይመስለዋል፣ እነዛን ደግሞ ብዙ ፕላን አይከፍልም። የሚከፈለው አገልግሎት ስሙ ሜዲካል ኑትሪሽን ቴራፒ (የአመጋገብ ህክምና) ነው፣ ኮድም አለው። መልሰሽ ከካርድሽ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውዪና በኮዱ ጠይቂ፦ 97802 እና 97803 በኔ ፕላን ይሸፈናሉ ወይ? አር 73.03 በሚለው ዲያግኖሲስ (የበሽታው ኮድ) ይሸፈናል? ዜድ 71.3 (የአመጋገብ ምክር ኮድ) ተብሎ እንደ ፕሪቬንቲቭ፣ ማለትም እንደ መከላከያ አገልግሎት ቢገባስ? በዓመት ስንት ቪዚት? መጀመሪያ ዲዳክተብሌን (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪሴ የምከፍለውን) መጨረስ አለብኝ ወይ? ሪፈራል (የዶክተር ማዘዣ) ያስፈልጋል? በመጨረሻ ቅርቤ ያሉ ኢንኔትወርክ (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያላቸው) ዳይቲሺያኖችን ስም ላኩልኝ በያቸው፣ ያናገረሽን ሰው ስምና የጥሪውን ሪፈረንስ ቁጥር ጽፈሽ ያዢ፣ ነገ ቢል ቢመጣ የምትከራከሪው በሱ ነው።

97802 የመጀመሪያው ቀጠሮ ነው፣ 97803 የሚቀጥሉት፣ ሁለቱም በ15 ደቂቃ ነው የሚቆጠሩት፣ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ 4 ተብሎ ብታይ አራት ጊዜ አስከፈሉኝ ብለሽ አትደንግጪ። አር 73.03 ያልኩሽ ያንቺ ነው፣ ስኳር ሳይሆን ቅድመ ስኳር ማለት ነው፣ ኤዋንሲ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው፣ አንዳንድ ፕላን ለስኳር ይከፍላል ለቅድመ ስኳር አይከፍልም። ግን ደም ግፊት ወይ ኮሌስትሮል ካለብሽ ወይም ቢኤምአይሽ (ክብደትሽ ከቁመትሽ ጋር ሲሰላ) 30 እና ከዛ በላይ ከሆነ ሌላ በር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኦባማኬር ህግ አብዛኞቹ ፕላኖች ለነዚህ ሰዎች የአመጋገብና የኑሮ ዘይቤ ምክርን ኢንኔትወርክ እስከሆነ ድረስ ያለ ኮፔይ (በየቀጠሮው ከኪስ የሚከፈለው) እንዲሸፍኑ ያስገድዳል፣ የቪዚቱ ብዛትና ምክሩን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግን በየፕላኑ ይለያያል። ለዚህ ነው ዶክተርሽን ያለብኝን ሁሉ ሪፈራሉ ላይ ጻፊልኝ በያት የምለው፣ የሌለብሽን አይደለም፣ ያለብሽን ሁሉ።

ይሄ ነገር ያንገበግበኛል እውነቱን ለመናገር። በየቼካችን ገንዘብ እየተቆረጠ፣ ስኳር አፋፍ ደርሳችኋል ስንባል እንጀራ ተዉ የምትል አንድ አረፍተ ነገር ይዘን እንወጣለን፣ እንጀራ መተው የማይችል ሰው ደግሞ ምክሩን በሙሉ ይተወዋል፣ ከዛ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በመድሀኒት እንገናኛለን። እዚህ ደረጃ ላይ እኮ ብዙ መስራት ይቻላል! በ2002 ውጤቱ የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ላይ ከ3 ሺህ በላይ ስኳር ጫፍ ላይ የነበሩ ሰዎች ተሳትፈው፣ አመጋገብና እንቅስቃሴያቸውን በባለሙያ እየታገዙ የቀየሩት ወደ ስኳር የመግባት እድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። ከዛ ጥናት የተወለደ ዲያቤቲስ ፕሪቬንሽን ፕሮግራም የሚባል የአንድ ዓመት የግሩፕ ክላስ አለ፣ ብዙ መስሪያ ቤቶችና ኢንሹራንሶች ይከፍሉለታል፣ ስትደውዪ እሱንም አብረሽ ጠይቂ።

ስለ ኦንላይኑ ሰውዬ፣ ምን አይነት ላይሰንስ እንዳለው ጠይቂው። ኢንሹራንስ የሚከፍለው በአብዛኛው ሬጅስተርድ ዳይቲሺያን ለሆነ ሰው ነው፣ ከስሙ ቀጥሎ አርዲ ወይ አርዲኤን የሚል አለው፣ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በባለሙያ ስር ተለማምዶ ፈተና ያለፈ ነው፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚገቡት ማስተርስ ያስፈልጋቸዋል። ኑትሪሺኒስት ነኝ ማለት ግን በብዙ ስቴት ማንም ይችላል።

አሁን ስለ ሁዳዴ። ዳይቲሺያኗ ሀበሻ ላትሆን ትችላለች፣ ምግባችንን የምታስረዪያት አንቺ ነሽ። ሁለት እንጀራ በላሁ ብትያት ምንም አይገባትም፣ ያንቺ እንጀራ ንጹህ ጤፍ ይሁን ከገብስ ወይ ከስንዴ ወይ ከሩዝ ዱቄት የተቀላቀለ፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሽሮው ላይ ስንት ማንኪያ ዘይት እንደሚገባ ካላወቀች ኮምፒውተሯ ላይ እንጀራ ብላ ያገኘችውን ቁጥር ነው የምትይዘው። ከቀጠሮው በፊት የምትበዪውን ለጥቂት ቀን በስልክሽ ፎቶ እያነሳሽ ያዢ፣ የእሁዱንም ጨምሪ። ጾሙ 55 ቀን መሆኑን፣ እስከ ስንት ሰዓት እህል እንደማይቀመስ፣ ስጋ ወተት እንቁላል እንደሌለ ንገሪያት። በኔ እይታ የጾም ምግባችን ጠላት አይደለም፣ ምስር ክክ ሽሮ ጎመን ሰላጣ ጥሩ ነገር ነው፣ የሚያስቸግረው ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ ውሎ ከዛ በኋላ ፓስታ በዳቦ፣ ድንች በእንጀራ፣ ላዩ ላይ ጁስ ሲሆን ነው። አንቺ መድሀኒት አልጀመርሽም፣ ግን ይሄን የምታነቡ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድና ግሊቡራይድ ያለ ክኒን የምትወስዱ ሰዎች፣ ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ከመጀመሩ በፊት ዶክተራችሁን ሳታናግሩ አትጹሙ፣ ስኳር በጣም ወርዶ ራስን ያስታል።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ከፌዴራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ በሉ። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙት።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ አብራኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ሜዲኬር አላት፣ ስኳርም አለባት አሁን ደግሞ ኩላሊቷ ተነካ ተባለ። ዳይቲሺያን ውድ ነው ብላ እምቢ አለችኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለእናትህ አንድ ሳንቲም እንደማይከፍሉ ንገራቸው። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግስት ኢንሹራንስ) በፓርት ቢ፣ ማለትም የዶክተር ቀጠሮ በሚሸፍነው ክፍሉ፣ ስኳር ላለበት፣ ዲያሊሲስ ያልጀመረ የኩላሊት በሽታ ላለበት፣ ወይ ባለፉት 36 ወራት ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ይሄን አገልግሎት ያለ ኮፔይ ይሸፍናል፣ በመጀመሪያው ዓመት 3 ሰዓት፣ ከዛ በየዓመቱ 2 ሰዓት፣ ያልተጠቀሙበት ወደሚቀጥለው ዓመት አይዞርም። በሽታቸው ከተለወጠ ዶክተሩ ተጨማሪ ሰዓት ማዘዝ ይችላል። አንድ ነገር ልብ በል፣ ሪፈራሉን መጻፍ ያለበት ዶክተር ነው፣ እማማን ሁልጊዜ የምታያቸው ነርስ ፕራክቲሽነር ከሆነች እዛው ያለው ዶክተር እንዲፈርም አድርግ፣ ካልሆነ ሊመለስባችሁ ይችላል። አድቫንቴጅ ፕላን (በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር) ከሆነ ያላቸው ደግሞ ዳይቲሺያኗ ኔትወርክ ውስጥ መሆኗን አረጋግጥ።

ስኳርና ኩላሊት ሲደረቡ ከዩቲዩብ አይሞከርም። ለስኳር ጥሩ ነው የተባለ ጎመንና ባቄላ ደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ላለ ሰው በልክ መበላት ሊኖርበት ይችላል፣ ፖታሲየማቸው ደህና ከሆነ ደግሞ ያለምክንያት ከምግባቸው አትከልክላቸው፣ የሚወስነው የደም ምርመራው ነው፣ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። የሚያበስሉትም እሳቸው ከሆኑ ጨውና ቅቤው ላይ የሚወስኑት እሳቸው ናቸውና አንተ ብቻህን ሄደህ ምክር ይዘህ አትምጣ፣ ይዘሃቸው ግባ።

ጥያቄ፦ ይሸፈናል ተብዬ ሄጄ 180 ዶላር ቢል መጣብኝ፣ ክሌይሙ ዲናይድ፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄው ተከልክሏል ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቶሎ ብለህ አትክፈል። ከኢንሹራንሱ የመጣውን ኢኦቢ የሚሉትን ወረቀት አውጣና የተከለከለበትን ምክንያት አንብብ፣ አንዳንዴ ዲያግኖሲሱ ስለጎደለ ወይ ኮዱ ስለተሳሳተ ነው፣ ያኔ የዳይቲሺያኗ ቢሮ አስተካክሎ እንደገና ይልከዋል። ካልሆነ ክልከላው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ 180 ቀን ውስጥ አፒል (ይግባኝ) ማድረግ ትችላለህ፣ የዶክተርህን ደብዳቤ አያይዝበት። እሱም ካልተሳካና ምክንያታቸው በህክምና አያስፈልግህም የሚል ከሆነ፣ 4 ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጪ ያለ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ ትችላለህ። ምናልባት መክፈል ግድ ከሆነ ኤፍኤስኤ ወይ ኤችኤስኤ (ለህክምና ከታክስ ነጻ የሚቀመጥ ገንዘብ) ካለህ ለታወቀ በሽታ የተሰጠ የአመጋገብ ህክምና ከሱ ይከፈላል፣ የዶክተሩን ሪፈራል ከደረሰኙ ጋር አስቀምጥ።