መብራት የጠፋበት ፊልም

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ ስለ አንዲት ተዋናይት ተከራከሩ። የማን ደጋፊ ናት፣ ማንን ነካች፣ ለማን ዝም አለች። ስለ ትወናዋ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ዞር ልል አልኩና ተውኩት፤ ሠላሳ ዓመት አማርኛና ድራማ ያስተማረ ሰው ምክር ከጀመረ ኮምቦልቻም አይበቃው።

ደግሞ እኔም ዕዳ አለብኝ። በወጣትነቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የህንድ ፊልም ስናይ እኩሌታው ላይ መብራት ጠፋ። (ገንዘባችንም አልተመለሰ።) እኔ ግን በማግስቱ ቡና ላይ "ታላቅ ወንድሙ ከሃዲ፣ ፊልሙም ተራ" ብዬ ፈረድኩ። ለዓመታት ለተማሪዎቼም እንዲሁ አወራሁ። ኋላ ልጄ ሙሉውን አምጥታ ስታሳየኝ፣ ለካ ወንድምዬው ጥፋቱን የተሸከመው ታናሹን ለማዳን ኖሯል።

አብሽሩ፣ አስተያየት አትስጡ አልልም። "አልወደድኩትም" ለማለት ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ግን የቱ ጋ እንደሰለቻችሁ ንገሩኝ። "ውሸት ነው" ካላችሁ ንግግሩ ነው፣ ወይስ ባላገሯ እንጀራ ስትጋግር ጥፍሯ ቀይ ተቀብቶ ስላያችሁ?

ፖለቲካውንም ጠይቁ፤ ዋናው ያለው ግን ከተዋናዩ አፍ ራቅ ብሎ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ጸሐፊ ዳልተን ትራምቦ ኮሚኒስት መሆን አለመሆኑን ለምክር ቤት ኮሚቴ አልናገርም በማለቱ ታሰረ፤ ስሙም ከፊልም ታገደ። እ.ኤ.አ. በ1957 የኦስካር የድርሰት ሽልማት "ሮበርት ሪች" ለሚባል ማንም ለማያውቀው ሰው ተሰጠ። ትራምቦ ነበር፣ በብዕር ስም! ያገዱትን ሰው ሳያውቁት አጨበጨቡለት። ዋንጫው እጁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የእኛው ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን ፊልም የሚያከፋፍልለት አሜሪካ ውስጥ ሲያጣ፣ አዳራሽ ራሱ እየተከራየ አሳየ። አዳራሹ በማን እጅ እንደሆነ ጠይቁ፤ እዚህም ቢሆን።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስንወርድ ግን አልቻልኩም፤ አንደኛውን "ፊልሙን አይተኸዋል?" አልኩት።

"ቅንጭቡን ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ፣ ጋሼ።"

እኔስ ግማሹን አይቼ ነበር።