ደን ውስጥ መንገድ ለምትነድፉ ልጆቼ

ሰሞኑን በቅርቡ የተመረቀ አንድ መሐንዲስ ደወለልኝ። ደን የሚያቋርጥ መንገድ ዲዛይን ላይ ተመድቧል። «ጋሼ፣ የዱር እንስሳ ምልክቱን በየስንት ኪሎ ሜትር እናድርገው?» አለኝ። ይህን የሚጠይቅ እሱ ብቻ ስላልሆነ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እኔ የመንገድ ጠላት አይደለሁም። ልጆቼን ያሳደግኩበት እንጀራዬ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ ያየ ሰው «መንገድ ምን ይሠራል» ብሎ አይናገርም። ደን ውስጥ የሚገባ መንገድ ግን ከሌላው መንገድ ይለያል። ይህን ደግሞ ትምህርት ቤት በደንብ አይነግሯችሁም።

ሰው የእንስሳት ጉዳት ሲባል ቶሎ የሚታየው በመኪና የተገጨው ነው። እውነት ነው፣ ይገጫል። ትልቁ ጉዳት ግን አስፋልት ላይ ወድቆ ስለማይገኝ ሪፖርት ውስጥም አይገባም።

ባሌ ያለውን የሐረና ደን ያየ ይረዳኛል። ከጎባ ተነስታችሁ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳኔቲን ብርድ ጨርሳችሁ፣ መንገዱ ቁልቁል ይወስዳችኋል። አስታው ያልቃል፣ ኮሶው ይመጣል፣ ቀርከሃው ይከተላል፤ ሪራን አልፋችሁ ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ ቡና በዱር ሲበቅል ታያላችሁ። አንበሳ ደን ውስጥ የሚኖርበት አገር ነው። የባሌ ጦጣ የምትባለው ዋና ምግቧ የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው፤ ከደቡባዊው የአገራችን ደጋ ውጭ ሌላ መኖሪያ የላትም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ ደን ውስጥ ጉሬዛን ተመልከቱ። የግራና የቀኙ ቅርንጫፍ ከላይ በሚነካካበት ቦታ ጉሬዛ መንገድ መኖሩንም ያወቀ አይመስልም፤ ዘሎ ይሻገራል። በሰፊው በተመነጠረ ቦታ ግን የመጨረሻው ቅርንጫፍ ላይ መጥቶ ይቆማል። ወደ ታች ያያል፣ ማዶውን ያያል። ነጩ ጅራቱ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። መኪና ሲመጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲቸግረው ወርዶ በሩጫ ያቋርጣል፤ ውሻም ጎማም የሚያገኘው ያኔ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ጉሬዛውን የያዘው 7 ሜትሩ አስፋልት ብቻ አይደለም። ግራና ቀኝ የመነጠርነው ይብሳል።

ለምን በሰፊው እንመነጥራለን? እኛ መንገድ ሠሪዎች ፀሐይ እንወዳለን። ፀሐይ ሲያገኝ መንገዱ ቶሎ ይደርቃል፣ አሽከርካሪው አርቆ ያያል፣ ዛፍ አይወድቅበትም። ይህ ሁሉ ትክክለኛ ምክንያት ነው። ነገር ግን በዚያው በር ፀሐይና ነፋስ ደኑ ውስጥም ይገባሉ። ጥላና እርጥበት የለመደው የውስጥ ዛፍ ይደርቃል፣ ትልልቁ ይወድቃል፣ ሣርና አረም ይተካል። ብራዚል ውስጥ ማናውስ አካባቢ ለብዙ ዓመታት በተደረገ ጥናት፣ ከደኑ ዳር እስከ 100 ሜትር ድረስ ባለው ክፍል የዛፎች ሞት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እዚያው አካባቢ ከዛፍ ሥር ጥላ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ወፎች ከ30 እስከ 40 ሜትር የሚሰፋ የመንገድ ምንጣሮ ለመሻገር ሲያመነቱ ታይተዋል። ክንፍ እያላቸው! ወፍ ያልደፈረውን ምንጣሮ እንቁራሪትና ቀንድ አውጣ እንዴት ይለፈው?

ከሁሉም የሚከፋው ግን መንገዱን ተከትሎ የሚመጣው ነው። በአማዞን ደን ላይ የተሠራ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከጭፍጨፋው 95 በመቶ ያህሉ የደረሰው ከመንገድ 5.5 ኪሎ ሜትር ወይም ጀልባ ከሚሄድበት ወንዝ 1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር ሕጋዊ መንገድ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሕገወጥ መንገድ ተቆጥሯል። ዋናውን መንግሥት ይሠራል፣ ቅርንጫፉን ማንም ይቀጥለዋል። ከሰማይ ሲያዩት የዓሣ አጥንት ይመስላል።

ኮንጎ ላይ ደግሞ ዝሆኖቹ ራሳቸው መስክረዋል። ተመራማሪዎች በ28 የደን ዝሆኖች አንገት ላይ ጂፒኤስ አስረው ተከታተሉ። ከተጠበቀ ክልል ውጭ መንገድ የተሻገረው አንድ ዝሆን ብቻ ነበር፤ እሱም ከወትሮው በ14 እጥፍ ፈጥኖ። መንገድ ባለበት ጠመንጃ እንዳለ ያውቃሉ ማለት ነው። እንጨት ለመጫን የተቆረጠው መንገድ አዳኙን ያስገባል፣ ሥጋውንና ጥርሱን ያስወጣል። ከ2002 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የመካከለኛው አፍሪካ የደን ዝሆን ቁጥር 62 በመቶ ያህል ወርዷል።

ሩቅ አገር ነው አትበሉ። አንድ ሳይት ላይ ወደ ካባው፣ ድንጋይ ወደምናወጣበት ቦታ፣ የሚገባ ጊዜያዊ መንገድ ነበረን። ድንጋዩ አለቀ፣ ድንጋይ መፍጫው ክሬሸር ተነቀለ፣ ኮንትራክተሩ ተረከቡኝ ብሎ ሄደ። መግቢያውን ግን ማንም አልዘጋውም። ከጊዜ በኋላ በዚያ ሳልፍ በማዳበሪያ የታሰረ ከሰል አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል፤ አንድ ሞተረኛ ሁለት ማዳበሪያ አስሮ ሦስተኛውን እንዴት እንደሚጭን ይታገላል። ወደ ውስጥ ብትገቡ ዛፉ ሳስቷል። በልጁ አልፈርድም፣ መተዳደሪያው ነው። እንዲገባ የተከፈተለት ግን በእኛ ዶዘር ነው። ስለዚህ የካምፕ፣ የካባና የተለዋጭ መንገዶችን መዝጋት በሥራ ዝርዝሩ ላይ ራሱን የቻለ ክፍያ ያለው ሥራ አድርጋችሁ አስገቡት። መግቢያው ላይ ቦይ ይቆፈር፣ የተጠቀጠቀው አፈር ይፈታ፣ አገር በቀል ችግኝ ይተከል። ክፍያ ካልተጻፈለት ኮንትራክተሩ ዞር ብሎ አያየውም።

ስለ ውኃ ማሳለፊያ ቱቦ አላስረዝምም። ጠባብ ቱቦ ላይኛውን ደን ሐይቅ ያደርገዋል፣ ዛፉም ቆሞ ይሞታል። መውጫው ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለ ዓሣ አይወጣበትም። ቱቦውን ለጎርፉ ከሚበቃው በላይ ሰፋ አድርጋችሁ ዳርና ዳሩን ደረቅ መርገጫ ብታደርጉለት ትንንሹ እንስሳ በሥሩ ያልፋል።

የግድ ደኑን ማቋረጥ ካለባችሁ ምንጣሮውን አጥብቡ። ሌላው ቢቀር በተወሰነ ርቀት የሁለቱ ዳር ቅርንጫፍ የሚገናኝበትን ቦታ ተዉ። እዚያ ቦታ ላይ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አድርጉ፤ ከአሥር ምልክት ይሻላል። ሾፌር የምታውቁ ታውቃላችሁ። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ከመንገድ በላይ የገመድ መሰላል ዘርግተው ከዛፍ የማይወርዱ እንስሳት ሲሻገሩበት በካሜራ አይተዋል። ብራዚል ውስጥ ቢአር-174 የሚባለው አውራ ጎዳና በዋይሚሪ አትሮአሪ ሕዝብ መሬት ያልፋል። ለአስርት ዓመታት ነዋሪዎቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መንገዱን በሰንሰለት ሲዘጉት ኖረዋል። አምቡላንስና የሕዝብ አውቶቡስ ያልፋል፣ ሌላው እስኪነጋ ይጠብቃል። ሌሊቱ የእንስሳቱ ነው። ለእኛም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ የሚያስፈልገው አንድ ኬላና ቆራጥ ጥበቃ ነው።

ይህ ሁሉ ግን መንገዱ ደን ውስጥ እንዲገባ ከተወሰነ በኋላ የሚደረግ ጥገና ነው። የእናንተ ቃል ክብደት የሚኖረው መስመሩ ገና ካርታ ላይ በእርሳስ ሲሰመር ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከአዋጅ ቁጥር 299/1995 ጀምሮ በሕግ የታዘዘ ነው፤ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ለፋይል ማሟያ ከተሠራ ግን ምንም አይቀይርም። አጥኚዎቹ መስመር ሲመረጥ አብረዋችሁ ሳይት ይውጡ።

ደኑን በዳር የሚዞር አማራጭ ስታቀርቡ «ይረዝማል፣ ይወደዳል» ይሏችኋል። ባዶ እጃችሁን አትግቡ። ዞሮ የሚሄደው መስመር ብዙ ጊዜ ሰው በሰፈረበት ያልፋል፤ ስንት ቀበሌ፣ ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት ገበያ እንደሚያገናኝ ቁጠሩ። ደን ውስጥ ገደል ቆርጦ የሚያልፈውን መንገድ በየክረምቱ ከናዳ ለማጽዳት የሚወጣውን የ20 ዓመት ወጪ ደምሩ። ሁለቱን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጡና ለአለቃችሁ ስጡት፤ ግልባጩን ለአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው።