ለጃዝ ወዳጆች፦ ወንበራችሁን አትናቁት

ልጆቼ፣ የሙዚቃ ሰው ለመባል የግድ መጫወት ወይም መዝፈን ያለባችሁ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። ዕድሜዬን ድምፅ ስቀርጽ ነው የኖርኩትና፣ አንድ የኒውዮርክ ሰው ላስተዋውቃችሁ።

ኧርቪንግ ስቶን ይባላል። በዚሁ ስም የታወቀ ደራሲ ስላለ እንዳይምታታባችሁ። ይሄኛው አድማጭ ነበር። በቃ፣ አድማጭ። ከባለቤቱ ከስቴፋኒ ጋር ኤክስፐርመንታል ጃዝ የሚቀርብባቸውን የማንሃተን ትንንሽ ቤቶች ሲያዳርስ ኖረ። ብዙ ሰው "ምን ዓይነት ጫጫታ ነው!" ብሎ የሚወጣበትን ሙዚቃ ማለቴ ነው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) አረፈ። በ2005 ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ዞርን ኢስት ቪሌጅ በሚባለው የማንሃተን ሰፈር ሙዚቃ በመድረክ የሚቀርብበት ቤት ሲከፍት በእሱ ስም "ዘ ስቶን" አለው። መጠጥ የማይሸጥበት ቤት ነበር። የመግቢያው ገንዘብ በሙሉ ለተጫዋቾቹ ይሄድ ነበር። ታዲያ ኪራዩ ከየት ይምጣ? አንዱ መንገድ ቤቱን ለመደገፍ የሚሸጥ ቅጂ ነበር። በ2006 እዚያው መድረክ ላይ የተቀረጸ አልበም ወጣ። ዞርን፣ ትራምፔት ተጫዋቹ ዴቭ ዳግላስና ድምፃዊው ማይክ ፓተን አሉበት።

እንዲህ ያለ የመድረክ ቅጂ ስትሰሙ አድማጩን በጭብጨባው ብቻ አትፈልጉት። አዳራሹ ባዶ እያለ ድምፅ ስንሞክር፣ ከበሮው ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ጆሮ ያውካል። ሰው ሲሞላ ግን ይረግባል። ገላና ልብስ በተለይ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ያስተካከልነውን እንደገና እናስተካክላለን። ትንፍሽ ሳይል የተቀመጠ ሰውም ቅጂው ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህን ለጀማሪ ድምፅ ቀራጮች ስነግር ይስቁብኛል፤ አንድ ማታ ሲሠሩ ግን ይገባቸዋል።

እና እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቤቶች ሂዱ። ከሙዚቀኞቹ አንዱን ስለምታውቁ ብቻ በነፃ ለመግባት አትሞክሩ፤ በሩ ላይ ክፈሉ። ትናንሽ ቤቶችን የሚገድላቸው "እኔማ የቤት ሰው ነኝ" ባዩ ነው። ሙዚቃው ግራ ሲያጋባችሁ ሁሉንም በአንዴ ለመያዝ አትታገሉ። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ከበሮው ሲቀየር ቤዙ ምን እንደሚመልስለት ስሙ፣ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱት፤ በስልክ የተቀረጸ ሳክስፎን ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው! ሲያልቅ ተጫዋቾቹን ጠጋ ብላችሁ የገረማችሁን ጠይቋቸው። ካልወደዳችሁትም ግድ የለም፣ በሌላ ቀን ሌላ ቡድን ሞክሩ።