የፖላንድኛን ድምፆች በእንግሊዝኛ በኩል ለመማር ለሚያስቡ

ሰላም እኅቴ። ለማስተርስ ትምህርት ወደ ፖላንድ ሊሄዱ መሆኑን ገልጸው፣ «እንግሊዝኛዬ ጥሩ ስለሆነ የፖላንድኛን ድምፆች ከእንግሊዝኛው ጋር እያመሳሰልኩ ብለማመድ ያዋጣኛል?» ብለው ጠይቀዋል። አያዋጣዎትም። ምክንያቱን ከደረሰብኝ በመነሣት በተራ ቁጥር አስረዳለሁ።

1. ከሁሉ አስቀድመው ሽ፣ ዥ፣ ች እና ጅን ያጥኑ። እንግሊዝኛም አማርኛም ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድምፅ ሲኖራቸው ፖላንድኛ ሁለት ሁለት አለው። በኤስና በዜት የሚጻፈው ወፍራም ሽ የሚወጣው የምላስ ጫፍ ከላይኛው ድድ በስተኋላ ቀና ብሎ የምላስ ወገብ ዝቅ ሲል ነው። ባናቱ ጭረት ያለበት ኤስ፣ ማለትም ቀጭኑ ሽ፣ የምላስ ጫፍ ወደ ታችኛው ጥርስ ወርዶ የምላስ መካከል ወደ ላንቃ ሲጠጋና ከንፈር ገለጥ ሲል ይወጣል። የእንግሊዝኛው በሁለቱ መካከል ስለሚያርፍ ሰሚው እንደመሰለው ወደ አንዱ ይወስደዋል። «ካሻ» በወፍራሙ ሲነገር የተቀቀለ እህል፣ በቀጭኑ ሲነገር ካታዢና ለምትባል ሴት የቁልምጫ ስም ነው፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የግል ቋንቋ ትምህርት ቤት የሙሉ ወቅት ክፍያ ተቀብሎ የሰጠን ሠንጠረዥ ሁለቱንም ድምፆች ከአንዱ የእንግሊዝኛ ሽ ጋር ያስተካክል ነበር። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ደጋግሜ ስጠይቅ «ሲቆዩ ይለምዱታል» ከማለት በቀር ማንም አፉን ከፍቶ የምላሱን አቀማመጥ አላሳየኝም። ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ለማመልከት በሄድኩበት ቢሮ የመስኮቷ ሠራተኛ የአከራዬን ስም በቃል ጠየቀችኝ፤ ስሙ የሚጀምረው በቀጭኑ ሽ ነበር። የኪራይ ውሉ እጄ ላይ እያለ፣ ላሳያት ብዘረጋላትም ሳታይ፣ በወፍራሙ ጻፈችው። ማመልከቻው ከውሉ ጋር አልተገናኘም ተብሎ ሲመለስብኝ፣ ተሰልፎ በቆመው ሰው ፊት «መጀመሪያ መናገር ይማሩ» አለችኝ። ጉዳዬ በዚህ የተነሣ ለወራት ተጓተተ፤ እስካሁንም የሚቆጨኝ፣ ገንዘቤን የወሰደው ትምህርት ቤት ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምረኝ ይችል እንደነበር ነው።

የተማርኩት በኋላ በመስታወት ፊት ነው። ለቀጭኑ «ይ» ለማለት ምላስዎን ያዘጋጁ፣ ድምፅ ሳያወጡ አየሩን ብቻ ይግፉ። ለወፍራሙ ደግሞ ምላስዎን «ር» ለማለት እንደሚያነሡት አንሥተው፣ ሳያርገበግቡ ይንፉ። ሁለቱን እያፈራረቁ ይለማመዱ።

2. በእንግሊዝኛ ቃል ሲጀምር ፕ፣ ት እና ክ ትንፋሽ ይከተላቸዋል፤ ከከንፈርዎ ፊት ወረቀት ቢይዙ ሲነቃነቅ ያያሉ። በፖላንድኛ ያ ትንፋሽ የለም፤ ት ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ከድድ ላይ ሳይሆን ምላስ ጥርስን ነክቶ ይወጣል። አንዳንድ ወገኖቻችን ትንፋሹን እናስቀር ሲሉ ጉሮሯቸውን ዘግተው ወደ ጠ ይሻገራሉ። ጉሮሮዎ ክፍት ይሁን።

3. እንግሊዝኛ «ባግ» እና «ባክ»ን እስከ መጨረሻው ይለያል፣ ከግ በፊት ያለውንም አናባቢ ያስረዝማል። በፖላንድኛ ግን ቃሉ ብቻውን ሲነገር መጨረሻው ላይ ያለው ነዛሪ ድምፅ፣ ማለትም እንደ ብ እና ግ ጉሮሮን እያነዘረ የሚወጣው፣ ንዝረቱን ያጣል፤ ዳቦ በብ ተጽፎ «ኽሌፕ» ይባላል። የምኖርባትን ከተማ በእንግሊዝኛ ልማድ «ሎድዝ» ብሎ የሚያነብ ሰው ትኬት ሲቆርጥ ይቸገራል፤ ስሟ «ዉች» ነው፣ መጨረሻዋም ቀጭኑ ች ነው።

አማርኛዎ ግን ከእንግሊዝኛዎ ይልቅ ይጠቅምዎታል፣ ይህንንም በኩራት እናገራለሁ። «ኝ» እና «ኸ» በአፋችን አሉ፤ በዋይ የሚጻፈው የፖላንድኛ አናባቢም ምላስ ትንሽ ወደ ፊት ሲመጣ ለሳድሳችን ይቀርባል። ጥብቀትም አለን፦ «ፓና» ሲላላ የአቶ፣ ሲጠብቅ ያላገባች ልጃገረድ ማለት ነው፤ እንግሊዞች የሚቸገሩበትን ይህን ልዩነት እኛ ያለ ድካም እንሰማለን። ዛሬ በሥራ ቦታዬ ስልክ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ደዋዮቹም ወደ እንግሊዝኛ አይዞሩብኝም።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት መምህሩን ሁለቱን ሽ እንዲያሰማዎትና ምላሱ የት እንደሚያርፍ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። «እንደ እንግሊዝኛው ነው» ካለዎት ገንዘብዎን ይዘው ሌላ ይፈልጉ።